የተገለበጠው ካፖርት

በሱቃችን በር ላይ፣ ሲገቡ በስተቀኝ፣ በሰው ቁመት ልክ አንድ ሚስማር አለ። የመታችው እናታችን ናት፤ ሥርዓቱም የእሷ ነው። ከእኛ መካከል ጨርቅ ያበላሸ ሰው ያበላሸውን እዚያ ይሰቅላል። ደንበኛው እስኪመጣ ሳይጠብቅ ራሱ ደውሎ ይነግረዋል። የተሰቀለው ነገር የሚወርደው ደግሞ ሌላ ጥፋት መጥቶ ሲተካው ብቻ ነው። አጥሮ የተቆረጠ እጅጌ፣ በካውያ የተቃጠለ ሱሪ፣ አንገት የማያስገባ ኮሌታ፣ እዚያ ሚስማር ላይ ያልዋለ ነገር የለም። ደንበኛ ገብቶ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲል ያጠፋው ሰው ራሱ ይመልሳል። እኔ በአሥራ ስድስት ዓመቴ የሰቀልኩት ቀሚስ እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይቀላል።

አሁን ሚስማሩ ላይ ያለው ግን ጨርቅ አይደለም። ወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል ነው፤ ኮፍያ ያለው ረጅም ካፖርት የለበሰ ሰው ወደብ ላይ ቆሟል። ከተሰቀለ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ጥፋቱ የእህቴ ነው፤ ስለ እሱ የሚጠይቅ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ግን ከእሷ ቀድሜ አፌን የምከፍተው እኔ ነኝ።

እህቴን እትዬ ነው የምላት። ሰፈሩም ደንበኛውም እትዬ ይላታል፤ በዕድሜ የሚበልጧት ሰዎች ሳይቀሩ እትዬ ሲሏት ሰምቻለሁ። እኔን ሚጢጢ ትለኛለች። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ሰውነቴም በሁለት ሜትር ጨርቅ የሚሸፈን አይደለም፤ ለእሷ ግን ሚጢጢ ነኝ። እሷ ሃምሳ ሦስት ሞልቷታል። ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ሱቁን ሙሉ ስትፈልገው ትውላለች። ከደንበኛ ጋር የምታወራው ቃል እየቆጠረች ነው፤ «እጅዎን ያንሱ»፣ «ዞር ይበሉ»፣ «ማክሰኞ ይምጡ»። ከዚያ በላይ ከአፏ ለማውጣት የጥርስ ሐኪም ያስፈልጋል።

ከአሥር ዓመት በፊት ከሱቁ ደረጃ ወድቃ ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረና ሁለት ወር አልጋ ላይ ዋለች። የአውቶቡስ ሾፌር የሆነው ባሏ፣ ሴትዮዋ ጣራ እያየች ልታብድ ነው ብሎ፣ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር አመጣላት። «ሰባቱ ወደቦች» የሚባለውን ጌም ያገኘችው ያኔ ነው። በኢንተርኔት ከየአገሩ የመጡ ሰዎች በባሕር ዳር ከተማ አብረው የሚኖሩበት ጨዋታ ነው፤ ሰው ቤት ይሠራል፣ ማኅበር ያቋቁማል፣ መርከብ ይጭናል፣ ሙያ ይመርጣል። መዋጋት የፈለገም ይዋጋል። እህቴ ምን ሙያ መረጠች? ልብስ ሰፊ!

«ቀኑን ሙሉ ሰፍተሽ ቤት ገብተሽ ደግሞ ትሰፊያለሽ?» አልኳት።

«እዚያ መርፌው አይወጋም» አለችኝ።

እግሯ ዳነ፣ ጨዋታው ግን አልቀረም። ሁለተኛው «ሰባቱ ወደቦች» ወጣ፤ ከዚያ ኩባንያው ስለ ሦስተኛው ስድስት ዓመት ጭጭ አለ። ሦስተኛው ይመጣል ወይስ አይመጣም? ከመጣስ ምን ይዞ ይመጣል? ተጫዋቹ ሁሉ ወሬ ተጠምቶ ከአንዲት ሥዕል፣ ከአንዲት ቃል ተነስቶ ሲተነብይ ይውላል። እህቴም አንድ ቀን ተነሳችና ተነበየች። ኩባንያው ለሁለተኛው ጌም አዲስ ወደብ ሊጨምር ነው ብሎ ያወጣውን ምስል አይታ፣ ሌላው ሁሉ «በረዶ ነው፣ በረዶ ነው» ሲል፣ «የበረዶ ልብስ ወፍራም ገበር ይኖረዋል፤ የእነዚህ ሰዎች ልብስ ስስ ነው፣ ጠርዙም ጭቃ እንዳይነካው ከፍ ተደርጎ ተሰፍቷል፤ የምንጠብቀው ዝናብ ነው» ብላ ጻፈች። ከአራት ወር በኋላ ወደቡ ሲከፈት ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርድ ነበር። ሰዎች «ማናት ይቺ?» አሉ። «መርፌ» የሚል ስም ወጣላት።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው፣ ሱቁ ለግማሽ ቀን ሲዘጋ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቀጥታ ታወራለች። ስቱዲዮዋ የልብስ መሞከሪያ ክፍላችን ነው፤ ዙሪያውን ኮትና ካፖርት ስለተሰቀለበት ድምፅ አያስተጋባም። በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፣ ማይክራፎኑን የካውያ ጠረጴዛው ላይ ታቆማለች፣ ከዚያ «ሚጢጢ፣ መኪናሽን አቁሚ» ትለኛለች። እኔም የስፌት መኪናዬን አቁሜ፣ የእጅ ሥራ ይዤ፣ ከመጋረጃው ወዲህ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ የሚሰሟት አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱ አንዱ አውቶቡሱን አቁሞ የሚያዳምጥ ባሏ ነው። በኋላ ዘጠኝ ሺህ ደረሱ።

መጀመሪያ ላይ አፍሬባት ነበር፤ አልደብቅም። የአምሳ ዓመት ሴት ስለ ጌም! ደንበኛ ቢሰማ ምን ይላል? ግን ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ስሰማት ሦስት ቃል የምትቆጥበው ሴት ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳትደናቀፍ ትናገራለች።

«ትልቅ አገር አትስጡን» አለች አንድ ቅዳሜ፣ የኩባንያው ሰዎች ፊቷ የተቀመጡ ይመስል። «ሁለተኛውን ስትሠሩ ካርታውን ሦስት እጥፍ አሰፋችሁት፤ ምን ተገኘ? ሰው ከሰው ራቀ። እኔ አንድ ወደብ ይበቃኛል፤ ጎረቤቴ በመስኮት የሚታየኝ ይሁን። ሰፋ ይበል፣ ሰፋ ይበል የሚሉ ደንበኞች አሉኝ። ሰፍቶ ሰፍቶ ሰውየው ውስጡ ከጠፋ ድንኳን ነው እንጂ ልብስ አይደለም። ሦስተኛውን ከመቁረጣችሁ በፊት የድሮውን ሰው ልኩን ውሰዱ።»

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ይህን ሁሉ ቃል የት ደብቃው ኖራለች? እያልኩ ነበር።

ታዲያ ከሁለት ዓመት በፊት ኩባንያው አንድ ሥዕል ለቀቀ። ያንኑ ሥዕል። አንድ ሰው ረጅም ካፖርት ለብሶ ወደብ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ በኮፍያው ጥላ ተሸፍኗል፤ ከሥሩ «ሦስተኛው» ከሚል ቃል በቀር ምንም የለም። የተጫዋቹ ዓለም ተደበላለቀ። ሁለት ወገን ተፈጠረ። አንዱ ወገን፣ ይሄ በሁለተኛው መጨረሻ ላይ መርከቡ የሰመጠችበት የወደቡ ሹም ነው፣ እሱ ከተመለሰ የድሮው ከተማ ይቀጥላል፣ የሠራነው ቤት ሁሉ ይሻገራል አለ። ሌላው ወገን፣ የለም፣ ይቺ ልጁ ናት፣ ወደ አዲስ አገር ልትሄድ ነው፣ የድሮው ከተማ ያከትማል አለ። ሁሉም «መርፌ ምን ትላለች?» ብሎ ቅዳሜን ጠበቀ።

እህቴ ሥዕሉን አሳትማ ሦስት ቀን በማጉያ መነጽር አየችው። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈረደች። የወንድ ካፖርት ሲቆለፍ የግራው ወገን ከላይ ይደረባል፤ የሴት በተቃራኒው ነው፣ ከላይ የሚሆነው የቀኙ። በሥዕሉ ላይ ከላይ ያለው የቀኙ ነው። «ሴት ናት» አለች። «ልጁ ናት። ከእንግዲህ የድሮው ከተማ የለም፤ ቤታችሁን ተሰናበቱ።» እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ አጨበጨብኩ።

ሰዎች የምር ተሰናበቱ። ከአድማጮቿ መካከል አንዲት ነርስ ነበረች፤ በየት አገር እንደምትሠራ አናውቅም፣ ድምፅዋ የጎረነነ፣ ቀልድ የማትወድ ሴት ናት። «የፋኖስ ቤት» የሚባል ማኅበር መሪ ነበረች። አርባ አባላት ስድስት ዓመት ሙሉ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እያስቀመጡ፣ ከወደቡ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ አንድ ትልቅ ቤት ሠርተው ነበር። ኩባንያው ከሚያጠፋብን በገዛ እጃችን በክብር እናፍርሰው ተባባሉ። በአንድ ሳምንት አፈረሱት። ዕቃውን ለአዲስ ተጫዋቾች አደሉ፣ ማኅበሩንም በተኑ። ነርሷ ለእህቴ «ሳይቀድሙን ስለነገርሽን እናመሰግናለን» ብላ ጻፈችላት።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ለአንድ የሆቴል በረኛ ካፖርት እየሰፋን ነበር፤ ረጅም፣ ባለ ስምንት ቁልፍ፣ ፊሽካ የሚያስገባበት የደረት ኪስ ያለው። ሰውየው መስታወቱ ፊት ቆሞ ራሱን እያደነቀ ነው፤ አንገቱን ወዲህ ያደርጋል፣ ወዲያ ያደርጋል። እትዬ ስፒሎቿን በጥርሷ ይዛ ትከሻውን ታስተካክላለች፤ እኔ እግሩ ሥር ተንበርክኬ ጠርዙን እለካለሁ። ቀና ብላ መስታወቱን አየች። እንዳየች ቀረች።

«እትዬ?» አልኳት።

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች፣ ወደ ጠረጴዛው ሄዳ የታተመውን ሥዕል አመጣች፣ ከመስታወቱ ጎን ያዘችው።

«ኪሱ» አለች።

የደረት ኪስ የወንድም ይሁን የሴት በግራ በኩል ነው የሚሰፋው። መስታወቱ ውስጥ ግን የበረኛው ኪስ በቀኝ ሆኖ ይታያል፤ ቁልፉም እንደ ሴት ቁልፍ። እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ ሰውን በዚያ መስታወት ስናይ ስለኖርን የተገለበጠ ልብስ አይቆረቁረንም፤ ዓይናችን ለምዶታል። ሥዕሉ ላይ፣ በኮፍያው ጥላ ሥር፣ እትዬ የጨርቅ እጥፋት ነው ብላ ያለፈችው ቀጭን መስመር ነበር። እጥፋት አይደለም፤ የኪስ አፍ ነው። በቀኝ በኩል። ሥዕሉ ተገልብጦ ነው የወጣው። ካፖርቱ የወንድ ነው።

«ችግር አለ እንዴ? ትከሻው ጠበበኝ?» አለ በረኛው።

«የእርስዎ ልክ ነው» አለችው እትዬ። «ማክሰኞ ይምጡ።»

ሰውየው እንደወጣ በርጩማው ላይ ዘፍ አለች። ቤታቸውን አፈረሱ፣ አፈረሱ፣ ትላለች ደጋግማ። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ አፌ አያርፍም።

«ማን አወቀብሽ?» አልኳት። «ዘጠኝ ሺህ ሰው አይቶ ያንን ኪስ ያየው የለም። ዝም በይ። ኩባንያው ሲያወጣው ያን ጊዜ 'ሁላችንም ተሸወድን' ትያለሽ። ደግሞ ጌም እኮ ነው፣ እትዬ!»

ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«የሰው ጨርቅ ነው የቆረጥኩት» አለችኝ። «የማን ጨርቅ ነው ብዬ ነው ዝም የምለው?»

ተነስታ ወደ በሩ ሄደች። ሚስማሩ ላይ የነበረው እኔ ያቃጠልኩት የሱሪ እግር ነበር፤ አውርዳ ሰጠችኝ፤ በቦታው ሥዕሉን ሰቀለችው። ከዚያ ስልኳን አንስታ፣ ቅዳሜ እስኪደርስ ሳትጠብቅ፣ በመጀመሪያ ለነርሷ ደወለች። ሥርዓቱ እንዲያ ነው።

ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ መጋረጃውን ዘግታ ነበር። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። «ሰድባኛለች» አለች። «እውነቷን ነው።»

ቅዳሜ ከወትሮው ብዙ ሰው መጣ፤ ወሬው ቀድሞ ተነዝቶ ነበር። እህቴ ማስተባበያ አላበዛችም። ስለ ሚስማሩ ነገረቻቸው። ስለ መስታወቱ፣ ስለ ኪሱ ነገረቻቸው። «ቁልፉን አይቼ ኪሱን አላየሁም። ጥፋቱ የሥዕሉ አይደለም፤ የእኔ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ ስላችሁ አመናችሁኝ፤ በዚያው በሙያዬ ነው ያሳሳትኳችሁ። ይህ ንግግሬ ከቻናሌ አናት ላይ ይቀመጣል፤ አላወርደውም። ነገ የሚመጣ አዲስ ሰው መጀመሪያ ይህንን ሰምቶ፣ ከዚያ ሊያምነኝ ከፈለገ ይመነኝ።»

የሚሳደበው ተሳደበ፤ ኮሜንቱ እንደ ዝናብ ወረደ። አንዱ «ወደ ቁምጣሽ ተመለሺ» ብሎ ጻፈ፤ ቁምጣ እንደማንሰፋ ልጽፍለት ጣቴ ሲበላኝ እትዬ ስልኬን ቀማችኝ። ከዚያ የነርሷ ድምፅ መጣ።

«አሁንስ ልክ መሆንሽን በምን እናውቃለን?» አለች።

«አታውቁም» አለች እህቴ። «በዚህኛውም ልሳሳት እችላለሁ። ያኔ የነገርኳችሁ ልክ እንዳልነበረ ግን አውቃለሁ። ቤታችሁን እኔ ነኝ ያስፈረስኳችሁ፤ ከነገ ጀምሮ ኮረብታው ላይ ነኝ። ማንም ባይመጣ ብቻዬን ድንጋይ አቀርባለሁ።»

በማግስቱ እሑድ ከቀትር በኋላ ኮረብታው ላይ ብቻዋን ነበረች። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ አየሁ፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለችው ትንሿ ሰው ከወደቡ ድንጋይ አንስታ፣ ዳገቱን ወጥታ፣ አስቀምጣ ትወርዳለች። አንድ ድንጋይ ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። ሆዴ አልቻለም። የባሏን ኮምፒውተር ከፍቼ እኔም ገባሁ። ያለ ልምድ ስለሆነ መጀመሪያ ያነሳሁትን ድንጋይ እንደያዝኩ ባሕር ውስጥ ገባሁ፤ እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ሳቀች። በሁለተኛው እሑድ ሦስት ሰዎች መጡ። በሦስተኛው አሥራ ሰባት። ነርሷ የመጣችው በአራተኛው ነው፤ ሰላም እንኳ ሳትል ድንጋይ አንስታ ተሰለፈች።

በአምስተኛው ሳምንት ግድግዳው ቆመ። ስድስት ዓመት የፈጀው ቤት ተመለሰ አልልም፤ አንድ ፎቅና አንድ በር ነው። ኩባንያው እስከዚያ ቀን ትንፍሽ አላለም፤ ከተማው ሊጠፋም ይችል ነበር። ሁላችንም በሩ ፊት ቆምን። ነርሷ ወጣ አለችና ከበሩ በስተቀኝ፣ በሰው ቁመት ልክ፣ ሚስማር መታች። እህቴ ጥፋቷን እዚያም ሊሰቅሉት ነው ብላ አሰበች። ነርሷ ግን ከወገቧ መዶሻ አወጣች፣ ቤቱን ያፈረሱበትን መዶሻ፣ እሱን ሰቀለች።

«ነገርሽን እንጂ አፍርሱ አላልሽንም» አለች በዚያ ጎርናና ድምፅዋ። «ሳንጠብቅ ያፈረስነው እኛ ነን። ይሄ የእኛ ነው፤ የአንቺን እንደሰቀልሽ ሰምተናል።»

እህቴ መነጽሯን አወለቀች። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ ባሏ ከወጥ ቤት መጥቶ «ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?» አለ። ያን ቀን እንደኮራሁባት ኮርቼ አላውቅም። እናታችን በሕይወት ኖራ የዚያን መዶሻ ነገር በሰማች ብዬ ተመኘሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ ኩባንያው ሥዕሉን በትክክል አወጣው። ሰውየው ኮፍያውን አውልቋል፤ ሽበታም፣ ጢማም፣ የወደቡ ሹም ራሱ። ኪሱ በግራ። የድሮው ከተማ እንዳለ፣ ቤቶቹም ከነሚስማራቸው ይሻገራሉ ተባለ። ሰው ሁሉ «መርፌ ልክ ነበረች!» ብሎ ጮኸ። እኔ ግን ኩራቴን ከእነሱ በሦስት ቀን ቀድሜ ጨርሼ ነበር። ዛሬ የሚሰሟት ሃያ ሺህ ናቸው፤ ከቻናሏ አናት ላይ አሁንም ያ የጥፋቷ ንግግር ተቀምጧል።

ይህን ሁሉ ለደንበኛ ስተርክ ሱሪው ሳይሰፋ ይውላል። አንድ ነገር ግን ለማንም አልተረክሁም። እትዬ በየጊዜው ሚስማሩን ቀና ብላ ታይና «ሚጢጢ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም ሳናበላሽ? እጃችን ተባረከ እንዴ?» ትለኛለች። እኔ አንገቴን ደፍቼ መኪናዬን እረግጣለሁ። እሷ እንደሁ አታጠፋም። ከመኪናዬ ሥር ባለው የቁርጥራጭ ከረጢት ውስጥ ግን አንድ ኮሌታ፣ ሁለት የቀኝ እጅጌ እና አንድ ወገቡ የማይገጥም ሱሪ አለ፤ ሁሉም የእኔ ናቸው። በድብቅ ሌላ ጨርቅ ተክቼ ሰፍቼ አስረክቤያለሁ፤ ለአንዱም ደንበኛ አልደወልኩም። የራሴን ከሰቀልኩ የእሷ ሥዕል ይወርዳል። ያን ማድረግ አልሆነልኝም።

ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ይህን ጽሑፍ አነብላታለሁ። አትቆጣም፤ እጇን ዘርግታ «አምጪው» ነው የምትለኝ። ከረጢቱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ፤ የሦስቱን ደንበኞች ስልክም ጽፌ ይዣለሁ። ሥዕሉን ወደ ቤቴ ወስጄ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።